እንባን የማይከለክል መጽናናት

ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚናገረው የማይጠፋው ሰው ጥቂት ነው። በሩ ላይ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለን እንገባለን፤ ከተቀመጥን በኋላ ግን ዝምታው ይከብደንና የሆነ ነገር እንናገራለን። «አታልቅሺ፣ ነፍሱን ታስጨንቂዋለሽ» እንላለን። «እግዚአብሔር የሚወደውን ቶሎ ይወስዳል» እንላለን። «አንቺ የጸሎት ሰው አይደለሽም እንዴ?» ብለን የምንጠይቅም አለን። ይህን የምንለው በክፋት አይደለም፤ ሥራችንን ጥለን የመጣነው ለማጽናናት ነው። ልጇን ቀብራ የተመለሰች እናት የምትሰማው ግን ሌላ ነው። የሞቱ ሐዘን ሳያንሳት፣ ማልቀሷ የእምነቷ ጉድለት ሆኖ ይቆጠርባታል። ከዚያ በኋላ እንግዳ ሲመጣ ፊቷን ትጠርጋለች፤ የምታለቅሰው ለብቻዋ፣ ሌሊት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው አንድ ጥያቄ ነው፤ የክርስትና እምነት ሐዘንተኛን የሚያጽናናው በምን መንገድ ነው? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። እምነቱ የሚያጽናናው እንባን በመከልከል አይደለም። ለእንባው ቦታ ይሰጠዋል፣ ጊዜ ይወስንለታል፣ ሰው ያቆምለታል፤ ተስፋውን የሚነግረውም በዚያ ውስጥ ነው። ተስፋው ከእንባው ተነጥሎ ሲነገር የሰውን አፍ ይዘጋል እንጂ ልቡን አይደርስም።

ከወንጌል እንነሣ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 አልዓዛር ሞቶ ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖታል። ጌታ ወደ ቢታንያ ሲደርስ ማርታ ቀድማ ትወጣና ወቀሳዋን ትነግረዋለች፤ አንተ እዚህ ብትኖር ወንድሜ ባልሞተ ነበር የሚል ነው ወቀሳዋ። ቀጥሎ ማርያም መጥታ እግሩ ላይ ትወድቅና ያንኑ ትደግመዋለች። ወቀሳው አንድ ሲሆን የተሰጠው ምላሽ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ለማርታ ስለ ትንሣኤ አስተማራት። ለማርያም ግን አላስተማራትም፤ እርሷም አብረዋት የመጡትም ሲያለቅሱ ባየ ጊዜ አብሮ አለቀሰ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው ያውቅ ነበር። ሞትን እንደሚያሸንፍ እርግጠኛ የነበረው እርሱ ካለቀሰ፣ ትንሣኤን የሚያምን ሰው አያለቅስም የሚለው ትምህርት ከየት መጣ? ሁለቱ እህቶች አንድ ቤት፣ አንድ ወንድም፣ አንድ ሐዘን ነበራቸው፤ የሚያስፈልጋቸው ግን አንድ አልነበረም። አጽናኝ ሆኖ የሚሄድ ሰው ይህን ክፍል ደጋግሞ ቢያነበው መልካም ነው።

የኢዮብ ወዳጆችም እንዲሁ ያስተምሩናል። ስማቸው የሚነሣው በክፉ ቢሆንም መጀመሪያ ላይ ያደረጉት ትክክል ነበር። ከሩቅ አገር መጡ፣ አለቀሱ፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ። የተሳሳቱት አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር የገሠጸው እነርሱን፣ ለእግዚአብሔር እንሟገታለን የሚሉትን ነው፤ በምሬት የጮኸውን፣ የተወለደበትን ቀን የረገመውን ኢዮብን ግን ቅን ነገር ተናግሯል አለው። ለእግዚአብሔር ጠበቃ ሆኖ ለቅሶ ቤት መሄድ አደገኛ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ምእመናን በጻፈው የመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 4 አትዘኑ ብሎ አልቆመም። ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎቹ ሆናችሁ አትዘኑ ነው የምክሩ ቁም ነገር። ሐዘንና ተስፋ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ እስኪወጣ ሌላው ደጅ አይጠብቅም።

አሁን ወደ ራሳችን ሥርዓት እንምጣ፤ የነገሩ ዋና ብልጽግና ያለው እዚህ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሐዘንተኛን የምታጽናናው በስብከት ብቻ አይደለም። ከስብከቱ ይልቅ ብዙውን ሥራ የሚሠራው ሥርዓቷ ነው። ሥርዓቱ የሚጀምረው ሰው ሳይሞት ነው ማለት ይቻላል። በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም፤ ስለዚህ በሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱ ሁሉ አስቀድሞ ፍትሐት ይደረስላቸዋል። ማን እንደሚሞት ማንም አያውቅምና ዘንባባ ይዞ የቆመው ሕዝብ በሙሉ፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም፣ በቁሙ የራሱን ፍትሐት ይሰማል። ሞትን በየዓመቱ በዚህ መልክ የሚያስታውስ ማኅበረሰብ ሞት ሲመጣ አይደነግጥም ማለቴ አይደለም። ይደነግጣል፤ ነገር ግን የሚሠራውን ያውቃል።

መርዶው ራሱ ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎችና የንስሐ አባት ሲነጋጋ ይሄዳሉ፤ ሐዘንተኛው ክፉውን ወሬ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ፣ ከሰማም በኋላ የሚመጣው ጊዜ ቀን እንጂ ሌሊት እንዳይሆን ነው። ግንዘቱ ይፈጸማል፣ መዝሙረ ዳዊት ይደገማል፣ በጥንቱ ልማድ አስከሬኑ በመንገድ ሰባት ቦታ እያረፈ ጸሎት ይደረስለታል። ዕድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበሩን ያመጣል፤ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ፣ እዝን ይዞ ይመጣል። በእነዚያ ቀናት ሐዘንተኛው ምን ልብላ፣ ማን ይቆፍር፣ ለማን ልንገር ብሎ እንዲያስብ አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ማልቀስ ብቻ ነው።

ከዚያ ደግሞ ቀኖቹ አሉ። ሠልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ አንዳንዱም ጋ ሰባት ዓመት። አባቶች እነዚህን ቀኖች ከመጽሐፍ ጋር ያያይዟቸዋል። ሦስተኛው ቀን ከጌታ ትንሣኤ፣ አርባኛው ከዕርገቱ ጋር ይታሰባል። ዮሴፍ ለአባቱ ለያዕቆብ ሰባት ቀን አልቅሷል፤ እስራኤል ለሙሴ ሠላሳ ቀን አልቅሰውለታል። ቀኖቹን አንድ ላይ ስናያቸው የሚወጣው ሥዕል ይደንቃል። መጀመሪያ ላይ ተቀራርበው ይመጣሉ፣ ከዚያ እየተራራቁ ይሄዳሉ፤ በሳምንቱ፣ በወሩ፣ በመንፈቁ፣ በዓመቱ። በመካከላቸው ባለው ጊዜ ሰውየው ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ይስቃልም። ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ሰው ይሰበሰባል፣ የሟቹ ስም በጸሎት ይነሣል፣ እንባው ይፈስሳል። ማልቀስም አለማልቀስም ጊዜ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል።

የሥነ ልቦና ምሁራን ወደዚህ ሐሳብ የደረሱት ዘግይተው ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሲግመንድ ፍሮይድ የሐዘን ሥራ ከሟቹ ጋር ያለውን ትስስር ቀስ በቀስ መፍታት ነው ብሎ ጻፈ፤ ብዙ ሐኪሞችም ይህን መንገድ ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 ዴኒስ ክላስና ባልደረቦቹ ያሳተሙት መጽሐፍ ግን ሌላ ነገር አሳየ። ብዙ ሐዘንተኞች ከሟቻቸው ጋር ያላቸውን ግንኙነት መልኩን ለውጠው ይቀጥሉታል እንጂ አያቋርጡትም፤ ይህም በራሱ በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ሰው የሚጽናናው በሐዘኑና በዕለት ኑሮው መካከል በመመላለስ ነው አሉ፤ ሐዘኑን ብቻ የሚኖርም፣ ከሐዘኑ ብቻ የሚሸሽም ይጎዳል። የተዝካሩን ቀኖች የወሰኑት አባቶች ይህን ጥናት አላነበቡም፤ ሥርዓቱም ለሕክምና የተሠራ አይደለም። ዓላማው ስለ ሟቹ ነፍስ መጸለይ ነው። ግን ስለ ሟቹ ሲባል የተሠራው ነገር የቆመውንም ሰው ይደግፋል፤ ምናልባት የሚደግፈውም ዓይኑን ከራሱ ላይ አንሥቶ ወደ ሟቹ ስለሚያዞርለት ነው። ሐዘንተኛን ከሁሉ በላይ የሚያሠቃየው አንድ ነገር ለዚያ ሰው ከእንግዲህ ምንም ላደርግለት አልችልም የሚለው ነው። ቤተ ክርስቲያን ትችላለህ ትለዋለች። ጸልይለት፣ በስሙ የተራበ አብላ፣ ስሙን ለካህኑ አስጽፍ ትለዋለች።

የጸጸት ጉዳይ ራሱን የቻለ ቦታ ይገባዋል፤ ስለ ሐዘን በሚነገረው ውስጥ ብዙ ጊዜ ይዘለላልና። ሁሉም ሟች የተወደደ አባት፣ ሁሉም ሐዘንተኛ ምስጉን ልጅ አይደለም። ተኳርፈው የተለያዩ ወንድማማቾች አሉ። ጠጪ አባቱን ጠልቶ ያደገ፣ ሲሞት ግን ልቡ የተሰበረ ልጅ አለ። እናቷን ሳታስታምም የቀረች፣ ስልክ ሳታነሣ ያመለጣት ልጅ አለች። እንዲህ ላለ ሰው «ደግ ሰው ነበር፣ በገነት ነው» የሚለው ማጽናኛ አይሠራም፤ እውነቱን ያውቃልና። ጸሎተ ፍትሐት ግን ሟቹን ጻድቅ ነበር ብሎ አይጀምርም። ኃጢአተኛ መሆኑን አምኖ ምሕረት ይለምንለታል፤ ንጉሥም ይሁን ለማኝ ልመናው ምሕረት ነው። እዚህ ውስጥ ለተጎዳው ልጅም ቦታ አለ። አባቱን ደግ ሳያስመስል፣ የደረሰበትንም ሳይክድ፣ ማረው ብሎ መጸለይ ይችላል። ለራሱ ጥፋት ደግሞ የንስሐ አባት አለው። ለሟች ይቅርታ መጠየቅ አይቻልም የሚለው አስፈሪ በር ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ሁለቱም በሚቆሙበት በእግዚአብሔር ፊት መጠየቅ ይቻላል። ከሥርዓቱ ሁሉ ለተሰበረ ልብ በጣም የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መንገዱ ይለያል። ስለ ሙታን አይጸለይም፣ ተዝካርም የለም፤ መጽናናቱ የሚመጣው ከቃሉ፣ ከመዝሙሩና ከምስክርነቱ ነው፤ ሟቹ በክርስቶስ እንዳረፈ በማመን ላይ ይቆማል። እርግጠኝነቱ ኃይል አለው። አደጋውም እዚያው አጠገቡ ነው፤ የሽኝቱ መርሐ ግብር ደስታ ብቻ ሲሆን የሚስቲቱ እንባ የሚፈስበት ቀዳዳ ያጣል። ዛሬ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ እናት ተዝካር ልታወጣ ስትነሣ ልጅ አላምንበትም ይላል፣ ሐዘኑም ወደ ጠብ ይዞራል። እምነቱን ሳይክድ ልጁ ማድረግ የሚችለው አለ፤ እናቱ ስታለቅስ አጠገቧ መቀመጥ፣ ለድኻ የሚሰጠውን እንጀራ አብሮ መሸከም።

ለእንባ ቦታ መስጠት ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የገባን እንባ በተከለከለበት ዘመን ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ወላጆች ማልቀስ ተከልክለዋል፤ አስከሬን ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ የከፈሉም አሉ። ድንኳን አልተተከለም፣ ፍትሐት አልተደረሰም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተይዘው ተወስደው ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ታስረው ወደ አሥር ዓመት ቆዩ። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ዓመት ተገደሉ። የሁለቱም አባቶች አፅም ተገኝቶ በክብር የተቀበረው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ከየጉድጓዱ አፅም ሲወጣ ዓመታት ያለፏት እናት መርዶውን ዛሬ እንደሰማች ሆና አለቀሰች። ጊዜ ያለ ሥርዓት ብቻውን አያጽናናም። በትግራይም በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ በጦርነቱ ያለቁት ልጆች መርዶ ሲነገር፣ ብዙ ቤተሰብ ለዓመታት በልቡ የያዘውን ያን ዕለት በአደባባይ አወጣው።

አስከሬን ሳይገኝስ? ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ፣ ዳግም ትንሣኤ በሚከበርበት ዕለት፣ አሸባሪው አይ ኤስ በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳይ ምስል ተለቀቀ። በአዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በምስሉ ለዩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሰማዕታት ብላ ጠራቻቸው። ይህ ስያሜ የእናቶቹን እንባ አላቆመም፣ ማቆምም የለበትም። ነገር ግን «ምን ፍለጋ ሄደ?» ለሚለው ክፉ ጥያቄ መልስ ሆነ። በስደት መንገድ የተሰወረ ልጅ ያላት ሌላ እናት ግን ይህም የላትም፤ መቃብሩን አታውቅ፣ ቀኑን አታውቅ፣ ተዝካሩን መቼ ታውጣ?

ሥርዓቱ የሚያቆስልበትም ጊዜ አለና ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። አንደኛው የተዝካር ወጪ ነው። ሐዘንተኛ በሬ ገዝቶ፣ ጠላ አስጠምቆ፣ ጠግቦ ለመጣ ጎረቤት ሲያበላ ተበድሮ ዓመቱን ሙሉ ዕዳ ሲከፍል የሚኖርበት ጊዜ አለ። ካህናቱ ራሳቸው ለድኻ ስጡ እያሉ የሚያስተምሩት ትምህርት ለሰው አፍ ሲባል ይጣሳል። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም የሚለው ሥርዓት ሕይወት የእግዚአብሔር መሆኑን ለማስተማር የተሠራ ነው፤ በሩ ላይ የሚቆመው ግን ሟቹ ሳይሆን እናቱ ናት። የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው ጉዳይ ተለይቶ መታየት እንዳለበት የሚያስተምሩ አባቶች አሉ፤ ይህ ትምህርት በየአጥቢያው ሊሰማ ይገባል። የትኛውም ውሳኔ ቢሰጥ ያ ቤት ብቻውን መተው የለበትም።

ሐዘኑ የማይነሣለት ሰውም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ፣ ከስድስት ወር በላይ ሰውን ከኑሮው ያወጣ፣ ከባሕሉ ልማድም ያለፈ ብርቱ ሐዘን ሕክምና የሚያሻው ሕመም ሆኖ ተመዝግቧል፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ለአዋቂዎች አንድ ዓመት ይላል። መንፈቅና ሙት ዓመት ማለት ነው። ግጥምጥሞሹ የአጋጣሚ ቢሆንም ልንጠቀምበት እንችላለን፤ በእነዚያ ቀኖች ሐዘንተኛው ቤት የምንገባ ሰዎች እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ሥራውን እንጠይቅ። ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነትን መካድ አይደለም፤ የንስሐ አባቱም ይህን ቢነግረው መልካም ነው።

በመጨረሻ ከአገር ርቀው የሚያለቅሱትን እናስብ። በዋሽንግተን ወይም በለንደን ያለው ሐዘንተኛ ቢያንስ ደብር አለው፤ ሽማግሌ ማልዶ በሩን ያንኳኳል፣ የማኅበሩ እናቶች ንፍሮ ይዘው ይመጣሉ። በሳዑዲ ዓረቢያ በሰው ቤት የምትሠራ እህት ግን ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር የእናቷን ሞት በስልክ ትሰማለች፤ በማግሥቱ ለአሠሪዋ ልጆች ቁርስ ታቀርባለች። እንባዋን የሚያይላት የለም። ለእርሷ መርዶ ስትነግሩ ሥራ ላይ ሳለች አትንገሯት፤ የምትቀርባት ጓደኛ ካለች አስቀድማችሁ ፈልጓት። ሠልስቱን፣ አርባውን ስታወጡ ደውሉላት፣ ጸሎቱን በስልክ ታዳምጥ፣ ስሟም ከቤተሰቡ ጋር ይጠራ።

እናንተም አንባብያን፣ ድንኳኑ ከተነሣ ወራት ያለፉት አንድ ሐዘንተኛ ቤት ታውቃላችሁ። በዚህ ሳምንት ሂዱ፤ የሟቹን ስም ጥሩ፣ ሲያለቅሱም አትከልክሏቸው።